የፎርት ስኔሊንግ ምድር ቤት የእኛም ልጆች ታሪክ ነው፦ ለማኅበራችን ቦርድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የማኅበራችን የሥራ አመራር ቦርድ አባላት፣

ግልባጭ፦ ለቅዳሜ ትምህርት ቤት ወላጆች፣ እንዲሁም በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ለምትኖሩ አማርኛ አንባቢዎች ሁሉ

ጉዳዩ፦ የተሰረዘውን የፎርት ስኔሊንግ ጉብኝትና የአዲስ ገቢዎችን መመሪያ ይመለከታል

ጤና ይስጥልን።

ባለፈው ስብሰባችሁ የቅዳሜ ትምህርት ቤታችን ታዳጊዎች በፀደይ ወደ ድሮው የጦር ምሽግ ወደ ፎርት ስኔሊንግ ሊያደርጉት የነበረውን ጉብኝት ሰርዛችኋል። ውሳኔው በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ በአጭሩ ተለጠፈ። ምክንያቱ አልተጻፈም። ስብሰባው ላይ የነበሩ ወላጆች ግን የተባለውን ነግረውናል። «የእኛ ታሪክ አይደለም» ተባለ። «እዚያ የሚታይ ነገር የለም» ተባለ። «ስለ ባርነት ማውራት የልጆቹን ሞራል ይነካል» ተባለ። በምትኩ ልጆቹ የውሃ መዝናኛ ቦታ እንዲወሰዱ ተወሰነ።

ልጆቹ ቢዝናኑ ደስ ይለናል። ምክንያታችሁ ግን ከበደን። በግል የላክነው ደብዳቤ መልስ አላገኘም። ስለዚህ እኔና ከእኔ ጋር የተስማሙ ወላጆች ጉዳዩን ሁሉም ሰው ፊት ለማቅረብ ወሰንን።

ፎርት ስኔሊንግ ለማናችንም ሩቅ ቦታ አይደለም። ኤርፖርቱ አጠገብ ነው። ከማኅበረሰባችን ስንቱ ሰው ኤርፖርት ውስጥ ይሠራል፤ ስንቱስ ታክሲና ኡበር ይዞ እዚያው ሲመላለስ ይውላል። ብሉ ላይን ባቡር የተሳፈረ ሁሉ የጣቢያውን ስም ያውቀዋል። ምሽጉ ያለው የሚሲሲፒና የሚኒሶታ ወንዞች ከሚገናኙበት በላይ፣ ገደሉ አናት ላይ ነው። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ዳኮታዎች ወንዞቹ የሚገናኙበትን ስፍራ ብዶቴ ይሉታል፤ ለእነርሱ ቅዱስ ምድር ነው። የአሜሪካ ጦር እዚያ የደረሰው በ1819 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሌላ ካላልኩ በስተቀር በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ወታደሮቹ የድንጋይ ምሽግ ሠሩ። በ1825 በአዛዡ በኮሎኔል ጆሳያ ስኔሊንግ ስም ተጠራ።

በዚያ ምሽግ ውስጥ በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ይኖሩ ነበር። በ1830ዎቹ በአንድ ጊዜ ከ15 እስከ 30 የሚደርሱ፣ ምናልባትም ከዚያ የሚበልጡ ሰዎች እንደነበሩ የታሪክ ባለሙያዎች ይገምታሉ። ይህ ደግሞ የሆነው ባርነት በሕግ በተከለከለበት ምድር ላይ ነው። በ1820 የወጣው የሚዙሪ ስምምነት ከሚዙሪ በስተሰሜን ባለው በዚያ ሰፊ አገር ባርነት እንዳይኖር አግዶ ነበር።

ታዲያ እንዴት ሊሆን ቻለ? ገንዘቡን የሚከፍለው ጦሩ ራሱ ስለነበረ ነው። ለእያንዳንዱ መኮንን ለአገልጋይ የሚሆን ደመወዝ፣ ቀለብና የልብስ ወጪ ከመንግሥት ይሰጠው ነበር። ነጻ ሰው ከቀጠረ ደመወዙን ለተቀጣሪው መስጠት አለበት። በባርነት የያዘውን ሰው ካሠራ ግን ገንዘቡ እሱ ኪስ ይቀራል። ለዚህም የሚሞላ ቅጽ ነበረው። መኮንኑ የአገልጋዩን ስም፣ ቁመትና የቆዳ ቀለም ጽፎ ይፈርማል፤ ከፋዩም ይከፍለዋል። እነዚያ ቅጾች ዛሬም በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። ስለ አንዳንዶቹ ሰዎች በጽሑፍ የተረፈው ነገር ያ ብቻ ነው፦ በሌላ ሰው የደመወዝ መጠየቂያ ላይ የተጻፈ አንድ ስም።

አሁን ወደ ቅሬታችን ልግባ።

አንደኛ፣ «የእኛ ታሪክ አይደለም» የተባለው።

በ1836 ጆን ኤመርሰን የሚባል የጦር ሐኪም ወደ ፎርት ስኔሊንግ ተመደበ። ድሬድ ስኮት የተባለ በባርነት የያዘውን ሰው ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት ኢሊኖይ ውስጥ ፎርት አርምስትሮንግ በሚባል ሌላ የጦር ሰፈር አብሮት ነበር፤ ኢሊኖይም ባርነት የተከለከለበት ግዛት ነው። ፎርት ስኔሊንግ ሲደርስ ድሬድ ሃሪየት ሮቢንሰንን አገኘ። ሃሪየትን ከቨርጂኒያ ያመጣት ላውረንስ ታሊያፌሮ ነው። ይህ ሰው መንግሥት ከዳኮታዎችና ኦጂብዌ ከሚባሉት ሌሎች ነባር ሕዝቦች ጋር ለሚያደርገው ግንኙነት የሾመው ወኪል ሲሆን፣ በባርነት የያዛቸውን ሰዎች ለመኮንኖች ያከራይ ነበር። ሁለቱ ተጋቡ። ያጋባቸውም ራሱ ታሊያፌሮ ነው።

የክረምቱን ብርድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ኤመርሰን በሰፈሩ ሳለ ለስኮት ምድጃ ይሰጠው ብሎ ከንብረት ክፍሉ መኮንን ጋር ተጣላ። መኮንኑ ምድጃ አይበቃም አለ። ነገሩ ወደ ቡጢ፣ ከቡጢም ሽጉጥ ወደ መምዘዝ ደረሰ። ይህ ጠብ የተመዘገበው ሁለት ነጭ መኮንኖች ስለተጣሉ ነው። ድሬድና ሃሪየት ያን ሰሞን በምን ሞቀው እንዳደሩ የጻፈ ሰው የለም። እኔ ተማሪዎቼን እዚያ መውሰድ የምፈልገው ስለዚህ ነው። ወረቀቱ ዝም ያለበትን ነገር ቦታው ላይ ቆሞ መጠየቅ ይቻላል።

የስኮቶች የመጀመሪያ ልጅ ኤላይዛ በ1838 ሚሲሲፒ ላይ፣ በእንፋሎት መርከብ ውስጥ ተወለደች። በ1846 ድሬድና ሃሪየት ባርነት በተፈቀደበት በሚዙሪ ግዛት፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ፍርድ ቤት ገቡ። ክርክራቸው ግልጽ ነበር። ባርነት በተከለከለበት ምድር ለዓመታት ኖረናል፤ ስለዚህ ነጻ ነን አሉ። የሚዙሪ ዳኞች ቀደም ሲል ለዚህ ዓይነት ክርክር ሲፈርዱ ኖረዋል። እነርሱንም አንድ ችሎት በ1850 ነጻ ናችሁ ብሏቸው ነበር። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን ገለበጠው። በመጨረሻ ጉዳዩ ዋሽንግተን ደረሰ። መጋቢት 6 ቀን 1857 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 7 ለ 2 ፈረደባቸው። ዋና ዳኛው ሮጀር ቶኒ የአፍሪካ ዝርያ ያለው ሰው፣ ባሪያም ይሁን ነጻ፣ የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ጻፈ።

ያን ፍርድ ለመሻር የእርስ በርስ ጦርነትና የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አስፈለገ። በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ በአሜሪካ የተወለዱና ለሕጓ የሚገዙ ሁሉ ዜጎች ናቸው ይላል። እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የእኛ ልጆች አብዛኞቹ እዚሁ ሚኒሶታ ሆስፒታል ውስጥ የተወለዱ ናቸው። ሰማያዊውን ፓስፖርት የያዙት በዚያ ማሻሻያ ነው። በጥር 2025 የአንዳንድ ስደተኞች ልጆች ሲወለዱ ዜግነት እንዳያገኙ የሚል የፕሬዝዳንት ትእዛዝ ወጥቶ ጉዳዩ ወዲያው ፍርድ ቤት ገባ። ያን ሰሞን ካፌው ውስጥም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥም ወሬው እሱ ነበር። ነፍሰ ጡር እህቶቻችን እየደወሉ «የእኔ ልጅስ?» ሲሉ ነበር። ያ ጥያቄ ሥሩ የት ነው? ኤርፖርቱ አጠገብ ባለው ምሽግ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ይህን ያህል የተጠጋን ታሪክ የእኛ አይደለም ማለት አይቻልም።

ስኮቶች ብቻም አልነበሩም። ሬቸል የምትባል ሴት ነበረች። ስቶክተን የሚባል መኮንን ገዝቶ በ1830 ፎርት ስኔሊንግ አመጣት፤ ከዚያም አሁን ዊስኮንሲን በሆነው አገር ወዳለው ፎርት ክሮፎርድ ወሰዳት። እዚያ ጀምስ ሄንሪ የሚባል ልጅ ወለደች። ኋላ ሁለቱም ሴንት ሉዊስ ተሸጡ። ሬቸል ከሰሰች። በ1836 የሚዙሪ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደላት። መኮንኑ ወደ ሰሜን የሄደው በጦሩ ትእዛዝ ነው የሚል መከራከሪያ ቀርቦ ነበር። ዳኞቹ አልተቀበሉትም። እዚያ እንዲሄድ ታዟል፤ ሰው በባርነት እንዲይዝ ግን ማንም አላዘዘውም አሉ። ድሬድ ስኮት ምሽጉ የገባው በዚያው ዓመት ነው።

ኮርትኒም ነበረች። እሷም በፎርት ስኔሊንግ መኮንን እጅ ካለፈች በኋላ ከወንዙ ማዶ ሜንዶታ ላለ ነጋዴ ተሸጠች። ልጇ ጆሴፍ ጎድፍሬይ በ1830 ገደማ እዚያ ተወለደ። ኮርትኒ ወደ ሴንት ሉዊስ ስትወሰድ ጆሴፍ ቀረ። እሷ እዚያ ነጻነቷን አገኘች። ልጇ ግን ነጻ በሚባለው ሚኒሶታ በባርነት አደገ። እናት በባርነት አገር ነጻ ወጣች፤ ልጅ በነጻ አገር ባሪያ ሆኖ ቀረ። ጆሴፍ ጎረምሳ ሳለ ጠፍቶ ዳኮታዎች ዘንድ ገባ። በ1862 በዳኮታዎችና በአሜሪካ መካከል ጦርነት ሲነሣም ወታደራዊው ችሎት መጀመሪያ የዳኘው እሱን ነው። ሞት ተፈርዶበት ቅጣቱ ወደ እስራት ተቀየረ። ከጦርነቱ በኋላ 38 የዳኮታ ሰዎች ማንኬቶ በምትባል የሚኒሶታ ከተማ በአንድ ቀን ተሰቀሉ። 1,600 ያህል ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ደግሞ ያን ክረምት ከዚሁ ምሽግ ሥር፣ ወንዙ ዳር ታጉረው ከረሙ። ከመቶ የሚበልጡት እዚያው አለቁ። የአንዱን ግፍ ታሪክ ስታነሡ የሌላው አብሮ ይወጣል። ቦታው አንድ ነውና።

ሁለተኛ፣ «እዚያ የሚታይ ነገር የለም» የተባለው።

ይህ ቃል ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ነው፤ ሰው እንደዋዛ ስለሚለው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በምሽጉ ቦታ ላይ አውራ ጎዳና ሊያልፍ ታቅዶ ነበር። ሕዝብ ተቃወመ፤ አርኪዮሎጂስቶች ገብተው መቆፈር ጀመሩ። በ1960 ቦታው በሚኒሶታ የመጀመሪያው ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ምሽጉ የ1820ዎቹን መልኩን እንዲይዝ ተደርጎ ታደሰ፤ የፈረሰውም እንደገና ተሠራ።

ልብ በሉ፦ ያ ቁፋሮ ይመልስ የነበረው ጥያቄ በአመዛኙ ግንቡ የት ነበር፣ መሠረቱ ምን ያህል ጥልቅ ነው፣ የወታደሩ መኝታ ስንት ክፍል ነበረው የሚል ነው። ሕንጻ መልሶ ለመሥራት የሚያስፈልገው ይህ ነው። ምድር ቤት ባለው ወጥ ቤት ውስጥ ማን ያድር ነበር ብሎ የጠየቀ ያን ጊዜ ብዙም አልነበረም። ያልተጠየቀ ጥያቄ ደግሞ አይመለስም።

በጦር ሰፈር ውስጥ የባርነትን ዱካ መፈለግ አስቸጋሪ የሚሆንበት አንድ ምክንያት አለ። በደቡብ የጥጥ እርሻዎች በባርነት የተያዙ ሰዎች ለብቻቸው የተሠሩ ጎጆዎች ነበሯቸው። አርኪዮሎጂስቱ ጎጆው የነበረበትን ሄዶ ይቆፍራል፤ ከዚያ የወጣው የእነርሱ ነው ይላል። በምሽግ ውስጥ ግን እንደዚያ አይደለም። መኮንኑና አገልጋዩ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። መኮንኑ ፎቅ፣ እሷ ምድር ቤት። መኮንኑ ሳሎን፣ እሱ ከምድጃው አጠገብ ወለል ላይ። የተሰበረው ሳህን፣ የወደቀው አዝራር፣ መርፌው፣ የሸክላ ፒፓው ስባሪ፣ የተቀቀለው አጥንት ሁሉ ከአንድ ቤት ይወጣል። ካርቶኑ ላይ ደግሞ የሚጻፈው «የመኮንኖች መኖሪያ» ተብሎ ነው። እንዲህ ሆኖ ሰዎቹ ሁለት ጊዜ ይጠፋሉ፤ በሕይወት ሳሉ ከወረቀት፣ ከሞቱ በኋላ ከመዝገብ።

መፍትሔ የለውም ማለት አይደለም። ዕቃው የማን እንደሆነ ባይታወቅም የት እንደተገኘ ይታወቃል። ከወጥ ቤቱ ወለል ሥር ነው ወይስ ከሳሎኑ? ከምድጃው ጥግ ነው ወይስ ከመስኮቱ ሥር? አፈሩ ሲነሣ በጥንቃቄ ከተመዘገበ፣ ድሮ የወጣ ዕቃ ዛሬ በአዲስ ጥያቄ ሊመረመር ይችላል። መጋዘን ውስጥ ያለ ካርቶን እንደገና ይከፈታል። የመኮንኑ የክፍያ ቅጽ ከጎኑ ይቀመጣል። በየትኛው ዓመት በየትኛው መኮንን ቤት ማን እንደነበረ ከቅጹ ይገኛል፤ በዚያ ቤት ምድር ቤት የወጣው ዕቃ ደግሞ ኑሮውን ይናገራል። አንድ ላይ ሲሆኑ ስም ብቻ የነበረው ሰው ኑሮ ያለው ሰው ይሆናል።

ባለፈው ዓመት ክፍል ውስጥ በዚያን ዘመን መኮንኖች ቤት ይገኝ የነበረ ዓይነት ሰማያዊና ነጭ ሳህን ሥዕል አሳይቼ ነበር። ስለ ሳህኑ ንግድ ላወራ ተዘጋጅቻለሁ። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ እጇን አወጣችና «ይሄን ያጠበው ማነው?» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። አርኪዮሎጂስቶች ለብዙ ዓመታት ያልጠየቁትን እሷ በአንድ ትንፋሽ ጠየቀች። ጉብኝቱን ያቀድነው ከዚያ ጥያቄ ተነሥተን ነው። ዛሬ ምሽጉ ውስጥ የድሬድና የሃሪየትን ታሪክ የሚናገር ክፍል አለ። የመኮንኖቹ ቤት ምድር ቤት ወጥ ቤቶችም አሉ፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ሰፊ የእሳት ቦታ፣ ትንሽ ብርሃን። ልጅቷ ደረጃውን ወርዳ እዚያ ብትቆም ስንት ሌላ ጥያቄ ይዛ ትወጣ ነበር?

ሌላ አገርም ተመልከቱ። ካሪቢያን ውስጥ ሴንት ኪትስ ደሴት ላይ ብሪምስቶን ሂል የሚባል ትልቅ የእንግሊዝ ምሽግ አለ። ዩኔስኮ በ1999 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ድንጋዩን ጠርበው፣ ተሸክመው፣ ገደሉ ላይ የደረደሩት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ናቸው። አርኪዮሎጂስቶች እዚያ ከመድፎቹ ሌላ ሠራተኞቹ የኖሩበትንም ቆፍረው አጥንተዋል። ፍሎሪዳ ውስጥ ደግሞ ፎርት ሞሴ አለ። በ1738 ከእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች አምልጠው የመጡ ጥቁሮች በስፔኖች ሥር የመሠረቱትና የጠበቁት ምሽግ ነው። ለረጅም ዘመን ቦታው እንኳ ጠፍቶ ነበር። በ1980ዎቹ ረግረጉ ውስጥ ተቆፍሮ ተገኘ። እዚያም «የሚታይ ነገር የለም» ተብሎ ቢቀር ኖሮ ዛሬም ረግረግ ብቻ ነበር።

ሦስተኛ፣ ማኅበሩ ለአዲስ ገቢዎች ያዘጋጀው መመሪያ።

መመሪያው ጥሩ ሥራ ነው፤ ስለ መንጃ ፈቃድና ስለ ጤና መድን የጻፋችሁት ብዙ ሰው ረድቷል። ስለ ሚኒሶታ ታሪክ በሚናገረው ገጽ ላይ ግን ፎርት ስኔሊንግ «ጀግኖች ወታደሮች ድንበር የጠበቁበት ምሽግ» ተብሎ ታልፏል። ዳኮታዎች የሉም። ስኮቶች የሉም። ረቂቁን ያዘጋጀችው በጎ ፈቃደኛ ስለ ሁለቱም አንድ አንቀጽ ጽፋ ነበር። «ፖለቲካ ነው» ተብሎ ወጣ። አዲስ የመጣ ሰው ስለዚህ አገር መጀመሪያ የሚያነበው የእኛን መመሪያ ነው። ገና ከኤርፖርት ሲወጣ የሚያየውን ቦታ ግማሹን ደብቀን ሰጠነው።

አራተኛ፣ «የልጆቹን ሞራል ይነካል» የተባለው።

የወላጆችን ስጋት አቃልዬ አላየውም። ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ በቆዳው ቀለም ሲሰደብ ውሎ የመጣ አባት፣ ቅዳሜ ደግሞ ስለ ባርነት ይማር ሲባል ቢከብደው ይገባኛል። ግን ልጆቹ ይህን ታሪክ ከእኛ ባይሰሙ ከሌላ ይሰማሉ፤ በአዘቦት ትምህርት ቤታቸው የድሬድ ስኮት ፍርድ ይማሩታል። ልዩነቱ እዚያ ብቻቸውን መስማታቸው ነው።

ደግሞ ከራሳችን ቤት እንጀምር። እኛ ማሊክ አምባርን ስናነሣ ደረታችን ይነፋል። በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ተሸጦ፣ ሕንድ ደርሶ የአህመድናጋር መንግሥት የጦር አዛዥና እንደራሴ ሆነ። የሙጋሎችን ጦር ለዓመታት አቁሞ በ1626 ሞተ። ከሙምባይ በስተደቡብ ባሕር ላይ ያለው የጃንጂራ ምሽግም አፍሪካዊ ዝርያ ባላቸው ሲዲዎች እጅ ለዘመናት የኖረ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል። ነገር ግን ማሊክ አምባር አዛዥ ከመሆኑ በፊት የተሸጠ ልጅ ነው። አብረውት ተሽጠው አዛዥ ያልሆኑትን እናንሣቸዋለን ወይ? ስንት ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ምግብ አብስሎ፣ ስሙ ሳይታወቅ አለፈ?

በአገራችንም ዘመቻ ሲወጣ ከጦሩ ኋላ እህል የሚፈጭ፣ እንጨት የሚለቅም፣ ውሃ የሚቀዳ፣ ጓዝ የሚሸከም ሌላ ሕዝብ ይከተል ነበር። ከእነርሱ መካከል በባርነት የተያዙ ነበሩ። ስለ ጦር አለቆቹ የማንጠግበውን ያህል እናወራለን። ወፍጮዋን ተሸክማ ስለሄደችው ሴት የምናወራው ጥቂት ነው። በ1923 ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገብታለች፤ በአዋጅ የተሻረው ግን በ1942፣ ማለትም በ1934 ዓ.ም. ነው። አያቶቻችን የደረሱበት ዘመን ነው። ከእኛ መካከል ቤተሰቡ በአንዱ ወይም በሌላው ወገን የነበረ አለ። ልጆቻችን ይህን ሳያውቁ ፎርት ስኔሊንግ ቢሄዱ፣ ነገሩ የነጭ ክፋት ብቻ ይመስላቸዋል። አውቀው ቢሄዱ ግን የጦር ሰፈር ሁሉ ከኋላው የማይቆጠር ሰው እንዳለው ያያሉ። ሞራል የሚነካው ማወቁ ሳይሆን፣ አድገው ያወቁ ጊዜ እኛ ሆን ብለን እንደደበቅናቸው ሲረዱ ነው።

አምስተኛው አጭር ነው። ውሳኔው ሲወሰን መምህራን አልተጠየቁም። ከጉብኝቱ በፊት ለወላጆች ገለጻ አዘጋጅተን ነበር፤ እንድናቀርብ ጊዜ አልተሰጠንም። ልጆቹም በግሩፑ ላይ እንደ ማንኛውም ሰው አንብበው ሰሙ። ከእነርሱ አንዱ «ቲቸር፣ ምን አጥፍተን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የተሰረዘው ጉብኝት በዚህ የትምህርት ዘመን ውስጥ ይመለስልን። ልጁን መላክ የማይፈልግ ወላጅ አይገደድ፤ የሚፈልገው ግን አይከልከል። የባቡሩን ወጪ ራሳችን ወላጆች እንሸፍናለን፤ ከማኅበሩ የምንፈልገው ፈቃዱንና የፈቃደኛ አጃቢዎችን ድጋፍ ነው።

የአዲስ ገቢዎች መመሪያ በሚቀጥለው እትሙ ይታረም። የወጣው አንቀጽ ይመለስ። ድሬድና ሃሪየት ስኮት በስማቸው ይጠሩ፤ በ1862ና በ1863 ክረምት የታጎሩት ዳኮታዎችም ይጠቀሱ። አንቀጹን ለማዘጋጀት እኛ ፈቃደኛ ነን፤ ክፍያ አንጠይቅም።

ማኅበሩ በስሙና በማኅተሙ ለቦታው አስተዳደር ደብዳቤ ይጻፍልን። በደብዳቤው ሁለት ነገር እንዲጠየቅ እንፈልጋለን። አንደኛው፣ በባርነት ስለተያዙት ሰዎች የሚናገር ጽሑፍ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ እንዲዘጋጅ ነው፤ ከዚያ ቦታ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ እነዚህን ቋንቋዎች የሚናገር ብዙ ሕዝብ አለ። ሁለተኛው፣ ከመኮንኖቹ ቤት ምድር ቤቶች በቁፋሮ ከወጡት ዕቃዎች ለትምህርት ቤት ልጆች በቅርብ የሚታዩ ካሉ ቀጠሮ እንዲያዝልን ነው። አንድ አርኪዮሎጂስት ቅዳሜ መጥቶ ዕቃ እንዴት እንደሚመዘገብ ቢያሳያቸው ደግሞ ከማንኛውም ትምህርት ይበልጣል።

ወደፊት የትምህርት ቤቱን ፕሮግራም የሚነካ ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት ቢያንስ አንድ መምህርና አንድ የወላጆች ተወካይ በስብሰባው ላይ ይገኙ።

ለዚህ ደብዳቤ የጽሑፍ መልስ ከሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በፊት እንዲደርሰን፣ ጉዳዩም በጉባኤው አጀንዳ ላይ እንዲያዝ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የቅዳሜ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርና የወላጆች ኮሚቴ ጸሐፊ፣
ሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ